ቢጫው ጎማና ሰማያዊው ጎማ

የተወጉት አራት ጎማዎች ናቸው። የውድድሩ መም የጎማ መጋዘን በር አልተሰበረም፣ መስኮቱም አልተነካም። በማለዳ ሲከፈት ግን አራቱ ጎማዎች ትንፋሻቸው ወጥቶ እንደ ደከመው ሰው ዝቅ ብለው ተገኙ።

ኢንስፔክተር ላዲስላቭ ህሩስካ በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንዲህ የሚያደርጉት አስከሬን ሲያዩ ነው።

«አለቃ፣ ጎማ ነው እኮ፤» አልኳቸው።

«አይቻለሁ፤» አሉኝ። «የስንት ሰው እንጀራ እንደሆነ ግን አንቺም ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ወንድሜ ላማር ሞየር ጎማ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። እኛ ከተማ፣ ካርቨር ፎርክ ውስጥ፣ ሞየር የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። የታላቁ የመኪና ውድድር ሊግ መኪናዎች በሙሉ የሚሮጡት በአንድ ኩባንያ ጎማ ነው፤ በዚያ ዓመት የመጪዎቹን ዓመታት አቅራቢ ሊመርጡ ነበር። ተፎካካሪዎቹ ሁለት ናቸው፦ የእኛው ሞየርና ከባሕር ማዶ የመጣው ኦሴያኖ። ሞየር ከተሸነፈ ፋብሪካው እንደሚዘጋ ሥራ አስኪያጁ ራሱ በምሳ ሰዓት ለሠራተኛው ነግሮታል። ላማር ያን ዕለት ምሳውን ሳይነካው ወደ ቤት ይዞት ተመለሰ።

ህሩስካ ያረፉት ባለፈው የበረዶ ወራት ነው። ለቀብራቸው የመጣው ሰው ስለ ባንኩ ዘረፋና ስለ ወንዙ አስከሬን ሲያወራ ዋለ። ይህን ጉዳይ ያነሳ አልነበረም፤ ሰው አልሞተበትም፣ ጋዜጣም አልጻፈውም። እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ይኸው ነው።

ከጎማዎቹ አጠገብ የሊጉ ቦርድ የላካት ዳኛ፣ ወይዘሮ ፊሊፓ ስትራንድ፣ እጆቿን አጣጥፋ ቆማለች። ቀጭን ናት፤ ስትናገር ቃል አታባክንም።

«ሙከራው ሁለት ቀን ነው፤» አለች። «ቨርጂል ስታምፐር ይነዳል። ጎማዎቹ ላይ ስም የለም፣ የተቀባ መስመር ብቻ ነው ያለው፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። የትኛው የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው። ትናንት ነዳባቸው፤ ዛሬ ሊደግም ነበር። ነገ ቦርዱ ተሰብስቦ፣ እሱም ባለበት፣ ፖስታው ይከፈታል።»

«ትናንት ምን ብሎ ፈረደ?»

«ቢጫውን እንደ ቅቤ ነው አለው። ሰማያዊውን…» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ለእናቴ የማልደግመውን አለው።»

«የተወጉትስ?»

«ቢጫና ሰማያዊ። ከሁለቱም የቀኝ ጎን ጎማዎች ብቻ። መለዋወጫ የለኝም።»

«ምርጡና መናኛው፤» አሉ ህሩስካ ለራሳቸው።

«ሁለተኛው ቀን ካልተነዳ የመጀመሪያውም አይቆጠርም፤ ፖስታው ሳይከፈት ይቃጠላል። ቦርዱ በወረቀት ላይ ባለው ይመርጣል፤ በወረቀት ደግሞ ኦሴያኖ ርካሽ ነው። ይህን ያደረገው ከተጫራቾቹ አንዱ ከሆነ ያ ተጫራች ይሰረዛል። እስከ ነገ ስሙን ካመጡልኝ አመሰግናለሁ።»

ህሩስካ ጉልበታቸው እየጮኸ አንዱ ጎማ አጠገብ ተንበረከኩ። ሰፊው የጎማው ፊት ላይ ሦስት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አንዱ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ፣ አንዱ መሐል ላይ፣ አንዱ ወደ ውጪኛው ጠርዝ፣ በአንድ መስመር። ሁለተኛው ጎማም እንደዚሁ ሦስት፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም።

«በወስፌ ነው፤» አልኩ።

«አንድ ቀዳዳ ይበቃ አልነበር?» አሉኝ። «ሰው ሲናደድ ይዘነጥላል፣ ሲቸኩል አንዴ ወግቶ ይሮጣል። ይህ ሰው አልተናደደም፣ አልቸኮለምም። ምን ነካው?»

ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት።

ውጭ ቨርጂል ስታምፐር የመንጃ ልብሳቸውን ለብሰው የአጥሩ ብረት ላይ ተደግፈዋል። ኦሃዮ ውስጥ በእሳቸው ፍርድ ያልተመረጠ የውድድር ጎማ የለም ይባል ነበር። ሌላው ሹፌር ጎማው «ላላብኝ» ሲል መኪናው ኋላው ሸሸበት ማለት ነው፤ ቨርጂል ግን የትኛው ጎማ፣ በየትኛው ጠርዙ፣ ከየትኛው ዙር ጀምሮ እንደላላ ይናገራሉ። ልጃቸው ኮሪን አጠገባቸው ቆማ ጓንታቸውን ከእጃቸው እያወለቀች ነበር። ሁልጊዜ የምታጠልቅላቸውም የምታወልቅላቸውም እሷ ናት፤ መም ላይ የሚታወቅ ልማዳቸው ነው።

«ላዲ፣ ገና ጡረታ አልወጣህም?» አሉ ቨርጂል።

«አንተስ?»

«እኔ መቀመጫዬ እስካለ አልወጣም። የምነዳው፣ ጎማውን የምሰማው በእሱ እኮ ነው።»

«አባዬ!» አለች ኮሪን።

«ፖሊስ ናት፣ ከዚህ የባሰ ሰምታለች፤» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ያንን ቢጫ ጎማ የወጋ እጁ ይሰበር።»

ኮሪን ጓንቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

የመጋዘኑ ዘበኛ ጌይሎርድ ነው፤ ክብ ሰው። ቁልፉን በዘብ ቤቱ ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሚውለው።

«ትናንት ከሙከራው በኋላ ማን መጣ?» አሉት ህሩስካ።

«ሁለት ሰው። የኦሴያኖው ሰውዬ ጃኬቴን ረስቻለሁ ብሎ ገባ። እኔም አብሬው ገባሁ፤ ጃኬቱን ሳይሆን ጎማውን ሲያሸት ያዝኩት።»

«ሲያሸት?»

«በአፍንጫው! እንደ ውሻ። ኧረ ውጣልኝ አልኩት። ቀጥሎ የሞየሩ ሮስኮ ዲል መጥቶ ካላየሁ ብሎ ደነፋ። በሩን ዘጋሁበት። ስድቡን ልድገመው?»

«ይቅር። ሌላ ሰውስ?»

«ሌላ ሰው የለም። ጎማዎቹም ያን ጊዜ ደህና ነበሩ። ከዚያ መሸት ሲል እራቴን በላሁ፣ ጠበቅሁ፣ ነጋ።»

ዱዋርቴ ፊጌራን ያገኘነው በእንግዳ ማረፊያው ምግብ ቤት ነው። ከፖርቱጋል የመጣ የኦሴያኖ ተወካይ ነው፤ እንቁላሉን እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይቆራርጣል።

«ጎማ አሽተሃል አሉ፤» አሉት ህሩስካ።

ቢላዋውን አስቀመጠ። «አሽቻለሁ። አፈርኩ። ቢጫው የኛ መሆኑን ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሹፌሩ እንደ ቅቤ ነው ሲል ሰምቼ ማረፍ አቃተኝ።»

«የናንተ ነው?»

«አላወቅሁም። የጎማ ሽታ የጎማ ሽታ ነው።» ትከሻውን ሰበቀ። «ደግሞ ሰው እኔን እንደሚጠረጥር አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የቀኙን ብቻ ለምን? እኔ ብሆን የፊቶቹን ነበር የምወጋው።»

ህሩስካ ፈገግ አሉ። ከወጣን በኋላ መኪና ውስጥ የሚስታቸውን የቪልማን የለውዝ ጥቅል ዳቦ ከወረቀት እየፈቱ፣ «እሱ አይደለም፤» አሉኝ።

«ስላፈረ?»

«ሲዋሽ የሚያፍር ስንት አለ። ጥያቄው ነው። እነሱ አገር መሙ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይጠመዘዛል። እኛ ጋ ቀኑን ሙሉ ወደ ግራ ነው የሚዞሩት፤ ሸክሙ የቀኝ ጎማ ላይ ነው። ካርቨር ፎርክ ያደገ ሰው መኪና ልግደል ካለ እጁ ሳያስበው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህን ያደረገው የኛው ልጅ ነው፣ ኦዴሳ።»

የኛው ልጅ ማለት ሞየር ማለት ነው። ሞየር ከሆነ ደግሞ ይሰረዛል።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ላማር ነበር።

«ኦዲ፣ ያ ፖርቱጋላዊ ነው አይደል? እዚህ ሁሉም እሱ ነው እያለ ነው።»

«ላማር፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አንድ ቃል ብቻ። እሱ ነው በይኝ።»

«መናገር አልችልም።»

«አይደለም ማለት ነው፤» ብሎ ዘጋው። ህሩስካ ወደ መስኮቱ ዞረው ያልሰሙ መሰሉ።

ሮስኮ ዲል ወርክሾፑ ውስጥ ነበር። የሞየር የጎማ ባለሙያ ነው፤ አፉ አያርፍም።

«ጠይቁኝ! ሌሊቱን የት ነበርክ በሉኝ!»

«የት ነበርክ?» አልኩት።

«ቦውሊንግ ቤት ኳስ ሳንከባልል! ጌይሎርድ በሩን ከዘጋብኝ ጀምሮ እስኪዘጋ ድረስ። ያውም የዓመቱን ትልቅ ነጥብ አስመዝግቤ። ሰሌዳው ላይ ስሜ ተጽፏል፣ ሂጂና አንብቢው፣ ፎቶም አንሺው።»

«እናነበዋለን፤» አሉ ህሩስካ። «የተናደድከው ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ለምን አልናደድ? የገዛ ጎማዬን እንዳልነካ ተከልክዬ! ሰማያዊው የኛ ቢሆንስ? ሰውየው አፈር ድሜ አስግጦታል። ቢጫው የኛ ከሆነ ደግሞ ማነው የወጋው?» እያወራ የሙቀት መለኪያውን ከጠረጴዛ አነሳ፤ ጫፉ ላይ መርፌ ያለው ነው። ግድግዳው ጋር የቆመውን አሮጌ ጎማ፣ ዓይኑ እኛ ላይ እንዳለ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገው። «የእህቴ ልጅ እዚያ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ታውቃላችሁ?»

ህሩስካ ማኘካቸውን አቆሙ።

«አሁን ምን አደረግህ?»

«ምን አደረግሁ?»

«በእጅህ።»

ሮስኮ እጁን አየው። «ምንም።»

«ጎማውን ወጋኸው። ሦስት ጊዜ።»

«ኧ፣ እሱን ነው እንዴ? ልማድ ነዋ። መኪናው ከመም ሲገባ ሙቀቱ ይለካል፤ ውስጥ፣ መሐል፣ ውጭ። የትኛው ጠርዝ እንደተቃጠለ የሚታወቀው በዚያ ነው። አሥር ዓመት ከለካህ እጅህ በራሱ ያደርገዋል። ሚስቴ የዱባ ኬኩ በስሎ እንደሆነ እይልኝ ብትለኝ ሦስት ቦታ ወግቼባት ጮኸችብኝ።»

እጄ ወደ ካቴናው ሄደ። ህሩስካ ሳያዩኝ በመዳፋቸው ቆይ አሉኝ።

«በትናንቱ ሙከራ ማን ለካ?» አሉት።

«እኛማ ተከልክለን! ከኛም ከኦሴያኖም አንድ ሰው እንዳይነካ ተብሎ። የለካችው ኮሪን ናት፣ የቨርጂል ልጅ።»

ህሩስካ ጥቅል ዳቦውን መልሰው በወረቀቱ ጠቀለሉት። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያንን ዳቦ ሳይጨርሱ ሲያስቀምጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በቦውሊንጉ ቤት ሰሌዳ ላይ የሮስኮ ስም ነበረ። ባለቤቱም እየማለ መሰከረለት፤ ሌሊቱን ሙሉ ጮሆ እንዳደነቆራቸው ነገረን። ከዚያ ተመልሰን ወደ ጌይሎርድ ሄድን።

«እራቴን በላሁ ብለኸናል፤» አሉት ህሩስካ። «ምን በላህ?»

«ሾርባ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ኮሪን አመጣችልኝ። ሙከራ ባለ ቁጥር ታመጣልኛለች።»

«ሰው አልመጣም አላልከንም?»

ጌይሎርድ ከልቡ ግራ ገባው። «ሰው እኮ አልመጣም። ኮሪን ናት የመጣችው።»

«አንተ ስትበላ እሷ ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔ እንጃ። የአባቷን ዕቃ ልሰብስብ ብላ…» አፉ ተከፍቶ ቀረ። «ኧረ አይሆንም። ኧረ ጌታዬ፣ ከዳይፐሯ ጀምሮ ነው የማውቃት።»

መኪና ውስጥ እንደገባን ጠየቅኋቸው።

«ለምን ታደርገዋለች፣ አለቃ? አባቷ ቢጫውን ያን ያህል አድንቀዋል።»

«እሱን ነው የማስበው። ሞየርን መጉዳት የፈለገ የሞየርን ይወጋል። ኦሴያኖን መጉዳት የፈለገ የእነሱን። ምርጡንም መናኛውንም አብሮ የሚወጋ ማነው?» ዳሽቦርዱን በጣታቸው መቱት። «ወደ ስትራንድ ንጂ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ።»

ወይዘሮ ስትራንድ ፖስታውን እንደማትከፍት ቀድማ ነገረችን።

«አይክፈቱት፤» አሉ ህሩስካ። «ቢጫውና ሰማያዊው አንድ ጎማ ናቸው?»

የሴትዮዋ ፊት ነጣ። «ማን ነገርዎ?»

«ማንም።»

ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጎማ በሁለት ቀለም እናስገባለን። ሹፌሩን ለመመዘን ነው። ቨርጂል በዚህ ሁሉ ዓመት አንዴም አልተሳሳተም፤ ሁለቱን ሁልጊዜ አንድ ናቸው ይላል። ትናንት አንዱን ቅቤ ሲል፣ ሌላውን ሲሰድብ፣ እኔም አላመንኩም። ዛሬ ያስተካክለዋል ብዬ ነበር።»

የስታምፐሮች ቤት ከመሙ ጀርባ ነው። ኮሪን በሩን ከፈተችልን። ቨርጂል ኩሽና ውስጥ ድንች ያለበትን መጋገሪያ ሰሃን ከኦቨን እያወጡ ነበር፤ ባዶ እጃቸውን።

«አባዬ!» ጮኸች። ሰሃኑን በጨርቅ ነጠቀቻቸው። መዳፋቸው ቀልቷል። እሳቸው መዳፋቸውን አይተው ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«ቁጭ በሉ፣ ድንች አለ፤» አሉን።

«መጀመሪያ ከኮሪን ጋር ትንሽ በረንዳው ላይ ላውራ፤» አሉ ህሩስካ።

እኔ ደረጃው ላይ ቆምኩ። እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው ያለውን ቦታ አመለከቷት። ተቀመጠች።

«ወስፌው የት አለ?» አሏት፣ ውሃ ስጪኝ እንደሚል ሰው።

ልትክድ ያሰበች መሰለኝ። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። «መኪናው ውስጥ።»

«ለምን አልጣልሽውም?»

«የአባቴ ነዋ።»

«ሦስት ሦስት ጊዜ ወጋሻቸው።»

«ሦስት?» አለች። እጇን ገልብጣ አየችው። «አንድ አንድ ጊዜ የወጋሁ ነው የመሰለኝ።»

ህሩስካ አልቸኮሉም። መንገዱ ላይ የሚያልፈውን መኪና በዓይናቸው ሸኙት።

«ቢጫው ሲገባ ለካሁት፤» አለች በመጨረሻ። «ሰማያዊው ሲገባ ለካሁት። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ውስጥ፣ መሐል፣ ውጭ። የጎማው አበላልም አንድ ነው። አንድ ጎማ መሆናቸውን ያኔውኑ አወቅሁ። አባቴ ደግሞ ከመኪናው ወርዶ ሰማያዊውን ሲራገም ሰማሁት። ስኳሩ ነው፤ ነርቩን ነክቶታል። እጁም እግሩም ደንዝዟል፣ መቀመጫውም። ሙከራው ካለቀ ነገ ቦርዱ ፊት ይቀመጣል፣ ፖስታው ይከፈታል፣ ሁሉም ዞር ብለው ያዩታል። ያ ፊቱ… እኔ ያንን ፊቱን ማየት አልችልም፣ ኢንስፔክተር።»

«ቀዩንና ነጩንስ ለምን ተውሻቸው?»

«እነሱ ምን አደረጉኝ? አባቴን ያሳጡት ሁለቱ ናቸው።»

«ፋብሪካውስ?»

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «ፋብሪካውን አላሰብኩትም። በእግዜር፣ ትዝም አላለኝ። ዛሬ ጠዋት ነው ሰው ሲያወራ…»

የቤቱ የመረብ በር ጮኸ። ቨርጂል እዚያ ቆመው ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

«አንድ ናቸው?» አሉ።

«አባዬ፣ ግባ።»

«ኮሪ፣ አንድ ናቸው ወይ?»

«አንድ ናቸው።»

መጥተው ደረጃው ላይ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። የቀላ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ጓንትህን ማጥለቅ ሲያስቸግርህ ጠርጥሬ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሳታውቂ የምታጠልቂልኝ መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ቨርጂል ወደ ህሩስካ ዞሩ።

«ላዲ፣ ይህ ነገር ካልተነገረ ሞየር ምን ይሆናል?»

«በወረቀት ይመዘናል። በወረቀት ደግሞ አለቀለት።»

«አትናገር፣» አለች ኮሪን፣ «እኔ ሌላ ምክንያት እፈጥራለሁ። ሰክሬ ነበር እላለሁ።»

«አንቺ? በሠርግሽ ቀን ሻምፓኙን ለአበባው ያጠጣሽው? ማን ያምንሻል?» ሳቋ ከዕንባዋ ጋር ተደባለቀ። እሳቸው ግን ተነሥተው ነበር። «ደህናውን ሸሚዜን አውጪልኝና ቆልፊልኝ። ስትራንድ ጋ ዛሬውኑ እንሂድ። ነገ ደግሞ ለሁሉም እነግራለሁ።»

ህሩስካ ካቴና አላወጡም። ድንቹን አብረን በላን። ስንበላ ማንም ስለ ጎማ አላነሳም።

በማግስቱ ቦርዱ በካውንቲው አዳራሽ ተሰበሰበ። ዱዋርቴም፣ ሮስኮም፣ በሩ ላይ የተከማቹት የፋብሪካ ሰዎችም ነበሩ፤ ላማር ከፊት። ቨርጂል ሳይጠሩ ተነሡ።

«ቢጫውን እንደ ቅቤ ነው ብያለሁ። ሰማያዊውን ወይዘሮ ስትራንድ የማትደግመውን ብያለሁ። አንድ ጎማ ናቸው። ከጸደይ ጀምሮ ሰውነቴ እንደ እንጨት ደንዝዟል። ከትናንት ወዲያ የነዳሁት በትዝታ ነው። ልጄ ጎማዎቹን የወጋችው እኔን ለመሸፈን ነው፤ ከተጫራቾቹ አንዱም እጁ የለበትም። ሌላ ሹፌር አምጡና እንደገና ሞክሩ።»

ከቦርዱ አንዱ፣ ወጣት ሰው፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት ሳይሆን አይቀርም፣ «ታዲያ ጎማው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አለ።

«ግማሹን ጊዜ ጥሩ ነው ብያለሁ፤» አሉ ቨርጂል።

መጀመሪያ የሳቀው ሮስኮ ነው። ከዚያ ዱዋርቴ። ከዚያ ሁሉም፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ። ኮሪን የአባቷን ፊት ታይ ነበር። ያያችው የፈራችውን ፊት አልነበረም።

ሙከራው ከኢንዲያና በመጣ ሹፌር ተደገመ። ሞየር በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። ላማር የሰማ ዕለት የመኪናዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኮሪን ጥፋቷን አመነች፤ የፍርድ ቤቱ ዳኛ በገደብ ለቀቋት፣ ለአንድ ዓመትም መም እንዳትረግጥ ተከለከለች። ያን ዓመት አባትና ልጅ ቀኑን ሙሉ ዓሣ ሲያጠምዱ ይውሉ ነበር ይባላል፤ አንድም ዓሣ አልያዙም።

ያን ቀን ከአዳራሹ ስንመለስ ህሩስካን ጠየቅኋቸው። «ቨርጂል በሩ ላይ ቆመው ባይሰሙ ኖሮ፣ እርስዎ ለቦርዱ ይነግሩ ነበር?»

«እነግር ነበር።» ትንሽ ተጓዝን። «መጀመሪያ ግን ለቨርጂል። እሱንም ቀስ ብዬ። እንደዚህ ያለ ነገር ለሰው በአንድ ጊዜ አይጫንም። ትንሽ ትንሽ ታቀብይዋለሽ፣ የቀረውን ራሱ ደርሶበት ያነሳዋል።»

ባለፈው ዓመት፣ ሊያርፉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ በረዶው ገና ሳይጀምር የቦውሊንግ ቡድን ቦታቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ጉልበቴ ነው አሉ። ሳምንታት ቆይተው ጀልባቸውን ለላማር ሰጡት። ቀጥለው ቪልማን መኪና መንዳት ማስተማር ጀመሩ፤ ሴትዮዋ ስትነዳ አጥር እየገጨች፣ እሳቸው አጠገቧ ቁጭ ብለው «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እያሉ። አንድ እሑድ ወደ ቤታቸው ጠሩኝ፤ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል።

«ኦዴሳ፣» አሉ፣ «አንድ ነገር…»

«ደርሼበታለሁ፣ አለቃ፤» አልኳቸው።

ዓይኔን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ጎበዝ፤» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ነገር አንስተን እስኪመሽ ተጫወትን።